ስለ ዶርኪንግ ዶሮዎች የእርባታ ምርጫ

ለተከበራችሁ አባላት፣

ለመጪው የእርባታ ወቅት አውራና እናት ዶሮዎቻችሁን ከመምረጣችሁ በፊት፣ ስማቸውን በእንግሊዝ አገር በሰሪ (Surrey) አውራጃ ከምትገኘው ከዶርኪንግ ከተማ ያገኙት እነዚህ ዶሮዎች ለሥጋም ለእንቁላልም የሚረቡ መሆናቸውን በአክብሮት እናስታውሳለን። ላባቸው ያማረ ነገር ግን ደረታቸው የቀጠነ አውራዎችን ለውድድር ብሎ ማስቀረት፣ በእኛ እምነት፣ ዝርያውን ቀስ በቀስ ይጎዳል።

አብዛኞቹ ዶሮዎች በየእግራቸው አራት ጣት ሲኖራቸው ዶርኪንግ አምስት አለው። ሮማዊው የእርሻ ጸሐፊ ኮሉሜላ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ባለ አምስት ጣት ዶሮዎችን አመስግኖ ነበር፤ የእኛዎቹ በቀጥታ ከእነዚያ መውረዳቸው ግን አልተረጋገጠም። አምስተኛው ጣት ከኋለኛው ጣት በላይ ወጥቶ፣ ከእርሱ ሳይጣበቅ ወደ ላይ ቀና ማለት ስላለበት፣ ጫጩቷ እንደ ተፈለፈለችና እንደ ደረቀች በመዳፋችሁ ይዛችሁ ሁለቱንም እግሮች እንድትመረምሩ እንጠይቃለን።

እግራቸው አጭር በመሆኑ የደረታቸው ላባ በጭቃ ይርሳል፤ ስለዚህ ደረቅ ሣር ያለበት ግቢ ይስማማቸዋል። ሴቶቹ እንቁላል መታቀፍ ስለሚወዱና ጫጩቶቻቸውን በትዕግሥት ስለሚያሳድጉ፣ ቢያንስ ጥቂት እንቁላሎችን ከማስፈልፈያ ማሽን ይልቅ ለእናቶቻቸው ተዉላቸው። የመረጣችኋቸውን ዶሮዎች ብዛት፣ የላባቸውን ቀለምና የጣታቸውን ሁኔታ ጽፋችሁ እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን።