የታሪክ ክበብ ዘንድሮ፦ 15ኛው ማሻሻያ ላይ ከረምን

አድዋን እንደ ወትሮው አክብረናል። ሰልፍ ላይ ስላያችሁት አልደግመውም። ላወራችሁ የፈለግኩት ረቡዕ ረቡዕ ከክፍል በኋላ ስንጨቃጨቅበት ስለከረምነው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ነው።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የወጡትን ሦስት ማሻሻያዎች ቶሎ አንብበን ወደ ማርቲን ሉተር ኪንግ ልንሻገር ነበር። 13ኛው በ1865 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ባርነትን ከለከለ፣ ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር። 14ኛው በ1868 ስለ ዜግነትና ስለ እኩል የሕግ ጥበቃ ደነገገ። 15ኛው በ1870 ማንም በዘሩ ወይም በቀለሙ የመምረጥ መብቱን አይነፈግም አለ። እዚህ ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ በ1965 ሴልማ ላይ ሰዉ ለምን ተደበደበ?» (ሴልማ የመምረጥ መብት የጠየቁ ሰልፈኞች በፖሊስ የተደበደቡባት የአላባማ ከተማ ናት።) በቃ፣ እቅዳችን እዚያው ቀረ።

መልሱን ሚሲሲፒ ሄደን ፈለግን። ግዛቲቱ በ1890 ያወጣችው ሕገ መንግሥት «ጥቁር አይምረጥ» አይልም። መራጭ ግብር ይክፈል፣ አንድ አንቀጽም ያንብብ ወይም ሲነበብለት ያብራራ ነው የሚለው። ማብራሪያው ልክ ነው አይደለም የሚለው መዝጋቢው ነው። ይህን በድራማ ሞከርነው። አንድ የአስራ አንደኛ ክፍል ልጅ መነጽር ተውሶ (የኔን ነው) መዝጋቢ ሆነና ግማሹን ክፍል ስም ብቻ ጠይቆ አሳለፈ፣ ሌላውን ግማሽ ግን ከራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ እያወጣ «አብራራ» እያለ የሲቪክስ ጎበዞቻችንን ሳይቀር አንድ በአንድ ጣላቸው። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። በኋላ የምር ተናደዱ፣ ሁለቱማ እስከ ጊቢው በር ድረስ እየተከራከሩት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹ ገቧቸው። በሚሲሲፒ ከ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ በፊት፣ ዕድሜያቸው ለምርጫ ከደረሰ ጥቁሮች የተመዘገቡት 7 በመቶ እንኳ አይሞሉም። በ1967 ወደ 60 በመቶ ደረሱ። ሕጉ ፈተናውን አገደ፣ የፌዴራል መዝጋቢም እንዲላክ ፈቀደ። ሥልጣኑ የመጣው ደግሞ ከዚያው ከ15ኛው ነው። ሁለተኛው ክፍሉ ኮንግረስ በሕግ ያስፈጽመው ይላል፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም ማለት ይቻላል።

በዓመቱ መጨረሻ «ለውጡን ያመጣው ፍርድ ቤት ነው ወይስ ሰልፍ?» ብለን ተከራከርን። አንደኛው ቡድን ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየትን ሕገወጥ ያለውን የ1954ቱን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ይዞ መጣ። ሌላው የሚሲሲፒዋን ጥቁር ሴት ፋኒ ሉ ሄመርን አነሳ፤ በ1962 ለምርጫ ልመዝገብ ብላ በመሄዷ 18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ የተባረረችውን። ዳኞቹ ለፍርድ ቤቱ ፈረዱ። እኔ አልተዋጠልኝም፤ በ1896 መለያየትን ሕጋዊ ያደረገው ያው ፍርድ ቤት ነውና።

በሚኒ ሚዲያ ካቀረብነው ብዙ ያሳቀው፣ ሚሲሲፒ 13ኛውን ማሻሻያ ያጸደቀችው በ1995 መሆኑ ነው። ወረቀቱ ገብቶ የተመዘገበው ደግሞ በ2013! ለከርሞ ሴት አባሎቻችን 19ኛውን ይዘዋል፤ የ1920ውን፣ የሴቶች ምርጫን። ወንዶችም መመዝገብ ትችላላችሁ፣ ፈተና የለውም።