የውሃ ማሞቂያን አጥፍቶ መሄድ ከውርጭ አያድንም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የብርድ ወራት በመጣ ቁጥር ብዙ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ከቤቱ ሲወጣ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ፣ የውሃ ማሞቂያውን ግን እንደሞላ ትቶት ይሄዳል። ለጥንቃቄ ተብሎ የሚደረገው ይህ ልማድ ከባድ ውርጭ በሚወርድበት አካባቢ ለጉዳት ሊዳርግ ስለሚችል፣ ጋዜጣችሁ ብርዱ ሳይበረታ ጉዳዩን ለአንባቢ እንዲያደርስ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቧንቧ የሚፈነዳው ግን ብዙውን ጊዜ በረዶው ወደ ጎን ገፍቶት ሳይሆን፣ በበረዶውና በተዘጋው መክፈቻ መካከል የቀረው ውሃ መሄጃ አጥቶ ግፊቱ ስለሚያይል ነው። በዚህም ምክንያት ስንጥቁ በረዶው ካለበት ራቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ባለቤቱም የሚያውቀው በረዶው ቀልጦ ግድግዳው መራስ ሲጀምር ነው።

ቧንቧን በስፖንጅ መጠቅለል ተገቢ ቢሆንም፣ ሽፋን ያለውን ሙቀት ያቆያል እንጂ አዲስ ሙቀት አይፈጥርም። ውሃ ሳያጠራቅሙ የሚያሞቁ በርካታ የጋዝ ማሞቂያዎች ከመርጋት የሚከላከል መሣሪያ በውስጣቸው ቢኖራቸውም፣ እሱ የሚሠራው መብራት እስካለ ድረስ ነው፤ ከሳጥኑ ውጭ ያለውን ቧንቧም አይጠብቅም። የጋዝ ማሞቂያን የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በብርድ ልብስ መሸፈን ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል።

እንግዲህ ቤቱ ያለ ሙቀት የሚቆይ ከሆነ አስተማማኙ መንገድ ውሃውን ማፍሰስ ነው። ታንከር ላለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መጀመሪያ ብሬከሩ ይጠፋል፣ የቀዝቃዛው ውሃ መግቢያ ይዘጋል፣ ውሃው እስኪበርድም ይጠበቃል። ከዚያ የማፍሰሻው ቫልቭ ሲከፈት አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧም አብሮ መከፈት አለበት፤ አየር ካልገባ ውሃው በደንብ አይወርድም። ሲመለሱ ታንከሩ ሞልቶ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ውሃ ያለ አየር እስኪወርድ ድረስ ብሬከሩ አይነካም፤ ደረቅ ታንከር ውስጥ የበራ ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ክፍል) ወዲያው ይቃጠላልና።

ቧንቧው አስቀድሞ ረግቶ ከተገኘ ማሞቂያው አይበራም፤ መክፈቻውን ከፍቶ፣ ከመክፈቻው በኩል በመጀመር በፀጉር ማድረቂያ ቀስ በቀስ ማሞቅ ይሻላል። እሳት ማስጠጋት ቤት እስከማቃጠል ያደርሳል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ፣ ብዙ ባለቤቶች የማፍሰሻው ቫልቭ የት እንዳለ እንኳ አለማወቃቸው ነው። የቧንቧ ባለሙያዎች ማሞቂያ ተክለው ሲያስረክቡ ቫልቩን ባለቤቱ በገዛ እጁ ከፍቶ እንዲዘጋው እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፤ ይህ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ