ብስክሌት አትላኩልን፣ ካላማዳሪ ላኩልን፦ ለባሕር ዳር የጋራ ብስክሌት መጠገኛ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ባሕር ዳር ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ስለመሆኗ ማስረዳት አያስፈልግም። ከጣና ዳር እስከ መናኸሪያ፣ ከፔዳ እስከ ፖሊ፣ ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ ዳገት የሚባል የለም፤ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጡ በቀር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ለእግረኛም ለብስክሌትም የየራሱ መስመር አለው። መንገዱ እየመጣ ነው። ብስክሌቱም ቢሆን ከከተማው አልጠፋም፤ በየግቢው ከኩሽና ጀርባ ጎማው ሟሽሾ፣ ሰንሰለቱ ዝጎ ቆሟል። ባለቤቱ ለምን እንደማይነዳው ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ካላማዳሪ (አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ) በልኩ አለማግኘቱን፣ ወይም ሰንሰለቱ እየዘለለ ማስቸገሩን ነው። ጉዳዩ እንግዲህ የፍላጎት ማጣት አይደለም። በትንሽ ዕቃ የቆመ ብስክሌት ባለቤቱን ባጃጅ ተራ ላይ ያሰልፈዋል።

ይህ ጥሪ እነዚያን ብስክሌቶች ለማስነሳት ነው። የምንጠይቀው ለጋራ መጠገኛው መሣሪያ፣ የአንድ ዓመት መለዋወጫ፣ ለጀማሪዎች ማስተማሪያ ከዚሁ ከተማ የሚገዙ 12 ብስክሌቶችና 10 ማቆሚያ ብረቶች ናቸው። ዕድር ድንኳንና ሰታቴ በጋራ እንደሚይዘው ሁሉ፣ አንድ ሰው በዓመት አንዴ ለሚያስፈልገው መሣሪያ ብቻውን ገንዘብ ማውጣት የለበትም።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ደጋግማችሁ የምታነሱትን እናስቀድም፦ «ያገለገለ ብስክሌት ሰብስበን እንላክ?» አትላኩ። የማጓጓዣውና የቀረጡ ወጪ ብስክሌቱ ከሚያወጣው ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ መለዋወጫው ነው። አሁን አውሮፓና አሜሪካ የሚሸጠው የተራራ ብስክሌት በአብዛኛው ባለ 27.5 ወይም ባለ 29 ጎማ፣ ከኋላ ከ10 እስከ 12 ማርሽ፣ በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ያለው ነው። የመጀመሪያዋ ካላማዳሪ እስክትፈነዳ ያምራል፤ ከዚያ በኋላ እሱም ኩሽና ጀርባ ይቆማል። እዚህ ያለው ብስክሌት ግን በአብዛኛው ባለ 26 ወይም ባለ 28 ስለሆነ፣ በዕቃው ሊነሳ ይችላል።

ስለ ጎማ ልክ ትንሽ መዘርዘር አለብን፤ ብዙ በጎ ፈቃድ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። «26» እና «28» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ያሳስታል። ባለ 26 በ1.95 የተራራ ብስክሌት ጎማ የሚቀመጥበት የቸርኬ ልክ 559 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 26 በ1 3/8 የሚባለው ግን 590 ነው፤ አንዱ ለሌላው አይገባም። በ28ም እንዲሁ፦ ጥንታዊው የቆመ መሪ ያለው ብስክሌት 635 ሲሆን አውሮፓ ውስጥ 28 የሚሉት 622 ነው። ስለዚህ ስትገዙ የኢንች ቁጥሩን ተዉትና በጎማው ጎን ላይ በትንሹ የታተመውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። የምንፈልገው 559 እና 635 ነው። የካላማዳሪው ቫልቭ የመኪና ዓይነት፣ ማለትም ወፍራሙ ይሁን። ቀጭኑ የውድድር ብስክሌት ቫልቭ በሠፈር ጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይነፋም፤ ባለቤቱ ካርቶን ሙሉ ካላማዳሪ ይዞም በእግሩ ይሄዳል። ደግነቱ ባለ 559 ዕቃ እናንተ ካላችሁበት ገበያ እየወጣ ስለሆነ በቅናሽ ይገኛል።

ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገን 150 ባለ 559 እና 60 ባለ 635 ካላማዳሪ፣ 40 ባለ 559 የውጭ ጎማ፣ 80 ጥንድ የፍሬን ጎማ፣ 60 የፍሬን ካቦ ነው። ካቦው ጫፉ ላይ በርሜል ቅርጽ ያለው የተራራ ብስክሌት ዓይነት ይሁን፤ የእንባ ቅርጽ ያለው የውድድር ብስክሌት ነው፣ በእኛ የፍሬን እጀታ አይገባም። ሰንሰለት 25 ቀጭን (ለባለ ማርሽ፣ 3/32 ኢንች) እና 15 ወፍራም (ማርሽ ለሌለው፣ 1/8 ኢንች)። ፔዳሉን ተሸካሚ ክንድ በስፒና ለሚታሰርባቸው አሮጌ ብስክሌቶች 40 ስፒና፣ አብዛኛው ባለ 9.5 ሚሊ ሜትር፣ ጥቂቱ ባለ 9። ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የተረሳው የኩሽኔታ ኳስ ነው፦ የፊት ሞዞ (በቸርኬው መሃል ዘንጉ የሚገባበት ክፍል) በሁለቱም ጎን በድምሩ 20 ባለ 3/16 ኢንች፣ የኋላው 18 ባለ 1/4፣ የፔዳሉ ዘንግ 22 ባለ 1/4 ይወስዳል። ሙሉ እድሳት ለሚፈልጉ 30 ብስክሌቶች 600 ትንንሽና 1,200 ትልልቅ ኳስ ማለት ነው። አሮጌውን ኳስ አጥቦ መመለስ ቁጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን የተቦረቦረ ኳስ ሞዞውን ይፍቀዋል፣ ሞዞ ደግሞ እንደ ኳስ በቀላሉ አይገኝም።

ሰንሰለትን ለምን ይህን ያህል አበዛችሁት የምትሉ ትኖራላችሁ። አዲስ ሰንሰለት 24 ዓይኑ ከፒን እስከ ፒን ሲለካ 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ሰንሰለቱን ብቻ መቀየር ይበቃል። 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ የኋላ ጥርሱንም በልቶታል፤ ያን ጊዜ አዲስ ሰንሰለት ቢገባም በአሮጌው ጥርስ ላይ ይዘላል፣ ወጪውም ይደራረባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብና ጭቃ ሳይጠረግ፣ ወይም በወፍራም ግራሶ ተለውሶ የሚነዳ ሰንሰለት ቶሎ ያልቃል፤ ግራሶው አሸዋውን ይዞ ያስቀራል። በላምባ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በየዓይኑ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ከዚያ ላዩን በጨርቅ መጥረግ። ይህን ለባለቤቱ ማሳየት የመጠገኛው ሥራ ግማሽ ነው።

የካላማዳሪ ልጠፋም እንዲሁ። ልጥፉ በሳምንቱ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ማስቲሹ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን እርጥብ ሳለ ስለተለጠፈ ነው። ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ማስቲሹ በስሱ ይቀባል፣ ጣት ሲነካው እስከማይጣበቅ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ ከዚያ ይለጠፍና ይጫናል። ከመግጠም በፊት የውጭ ጎማውን ከውስጥ በጣት ዳብሶ እሾሁን ማውጣት ግድ ነው፤ አለዚያ ያው እሾህ በዚያው ቀን ይመለስበታል። ሌላው ችግር ለመኪና ጎማ የተሞላ ኮምፕሬሰር ነው። ባለ 1.95 ጎማ ከ40 እስከ 60 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል፤ መለኪያ ሳይታይ ሲነፋ በሰከንዶች ያልፈዋል፣ ከዚያ ፍንዳታ ነው። ስለዚህ በመሣሪያው ዝርዝር ውስጥ መለኪያ ያላቸው ሁለት የእግር መንፊያዎች አሉ።

የቀሩት መሣሪያዎች እነዚህ ናቸው፦ ሁለት ብስክሌት ማንጠልጠያ፣ አንድ ሞርሳ (ብረት አጥብቆ መያዣ)፣ አንድ ቸርኬ ማቅኛ፣ ሁለት የሰንሰለት ፒን ማውጫ፣ ከ13 እስከ 17 ያሉ ስስ የሞዞ መፍቻዎች፣ ሁለት ባለ 15 የፔዳል መፍቻ፣ የኋላ ጥርስ ማውጫ፣ 12 ጎማ ማውጫ። ማንጠልጠያውን እዚሁ ብየዳ ቤት እናሠራዋለን። ስስ መፍቻና ጥርስ ማውጫ ግን ከውጭ ቢመጡ ይሻላል፤ በተራ መፍቻ የተፈታ ሞዞ ዳዶው ይላጣል።

ማስተማሪያዎቹ 12 ብስክሌቶች ከዚሁ ከተማ ይገዛሉ፣ ይታደሳሉም። ስምንቱ ከላይ አግዳሚ ብረት የሌላቸው፣ የሰንሰለት መሸፈኛ ያላቸው ይሆናሉ፤ ቀሚስ ለብሳ ገበያ የምትሄድ ሴት እግሯን ሳታነሳ እንድትወጣ፣ ቀሚሱም እንዳይያዝ። አራቱ ባለ 20 ለልጆች ናቸው። ትምህርቱ ፔዳሉን በማውለቅ ይጀምራል (የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው፣ በሰዓት ዞር አቅጣጫ ነው፤ ይህን ባለማወቅ የተላጠ ክንድ ብዙ ነው)። ኮርቻው ሁለቱም እግር መሬት እስኪረግጥ ይወርዳል። ተማሪው በእግሩ እየገፋ መንሸራተት፣ ሩቅ ማየት፣ በሁለቱም እጅ ቀስ አድርጎ ፍሬን መያዝ ይለማመዳል። ፔዳሉ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከኋላ ኮርቻ ይዞ መሮጥ አስተማሪውን ያደክማል እንጂ ተማሪውን ሚዛን አያስተምርም።

ማቆሚያዎቹ በግቢያቸው እንዲተከል ለሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ናቸው። እያንዳንዱ ሁለት እግርና አንድ አግዳሚ ያለው፣ ከ1½ ኢንች ቧንቧ የሚሠራ ነው፦ ከመሬት በላይ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ከመሬት በታች 25፣ አግዳሚው 75። በአንዱ 2.75 ሜትር ስለሚሄድ ባለ 6 ሜትሩ ቧንቧ ሁለት ያወጣል። ለ10 ማቆሚያ 5 ቧንቧና 4 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል፤ በየአንዱ ሁለት፣ በድምሩ 20 ብስክሌት ይታሰርበታል። ጎማ ብቻ የሚይዘውን ዝቅተኛ ማቆሚያ አንሠራም፤ ቸርኬ ያጣምማል፣ ሌባም ጎማውን ትቶለት ቀሪውን ይዞ ይሄዳል።

ከዚህ ጎን ለጎን የብስክሌት መስመሮችን እየለካን ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ እናቀርባለን፦ መስመሩ መጋጠሚያ ላይ በደረጃ የሚቋረጥበትን ቦታ፣ ቀዳዳው ወደ መንገዱ አቅጣጫ የተዘረጋና ጎማ የሚውጥ የፍሳሽ ክዳን ያለበትን፣ ባጃጅና ሸቀጥ የሚቆምበትን። ይህ ሥራ ሜትር፣ ወረቀትና ጉልበት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለእጅ ሥራ አይከፈልም፤ ዕቃው ግን በነፃ አይሰጥም። ተጠቃሚው ዕቃውን በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይተካል። በተገዛበት ዋጋ ብንሸጠው ዋጋው እየናረ ከመቶ ካላማዳሪ ሽያጭ በዓመቱ ያንኑ ያህል መግዣ አይተርፈንም። ጭራሽ መክፈል የማይችል ሰው በሥራ ይተካል፦ ሰንሰለት በማጠብ ወይም ጀማሪ በማስተማር። በዚህ ጥሪ ላይ የብር ዋጋ ያልጻፍነውም ስለዚሁ ነው፤ በየወሩ የሚለዋወጠው ዋጋና የገባው የወጣው ዕቃ በመጠገኛው በር ላይ ይለጠፋል። ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ ነው። በግል ስም በስልክ የሚላክ የሒሳብ ቁጥር ቢደርሳችሁ የእኛ አይደለም፤ መዋጮ በመጠገኛው በደረሰኝ ይሰጣል፣ ውጭ ያላችሁም በባሕር ዳር ዘመዳችሁ በኩል ስጡ።

ዕቃ በሻንጣ ለምትይዙ፦ በአንድ ሰው 10 ካላማዳሪና 4 ሰንሰለት ይበቃል፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ጉምሩክ ላይ እንደ ንግድ ዕቃ ሊቆጠር ይችላል፣ ለብዙ ሰው አከፋፍሉት። ማስቲሽ አትያዙ፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን አይፈቀድም፣ እዚህም ይገኛል። ደረሰኙን ከዕቃው ጋር አኑሩ።

ከነሐሴ መጨረሻ በፊት የሚደርሰን ዕቃ ትምህርት ሳይከፈት ይገጠማል። ግቢያችሁ የቆመ ብስክሌት ካለና ልትሰጡን ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ መሪው ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበትን ብየዳ አጽድታችሁ እዩት፤ እዚያ ላይ የተሰነጠቀውን ለመንዳት አናስነሳውም፣ ቸርኬውንና ፔዳሉን ለሌላው እንፈታዋለን። የዛገውን፣ ኮርቻ የሌለውን፣ ሰንሰለቱ የተበጠሰውን ግን እንዳለ አምጡት።