ሹራቡን አትተርትሪው

ውድ እህቴ፣ እንደምን ከረምሽልኝ?

የላክሽልኝ ፎቶ ስምንት ወር ሙሉ ስልኬ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ስል ጊዜው ሄደ፤ ከሄደ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምር ጨነቀኝ። ይቅር በይኝ፣ በጣም ናፍቀሽኛል።

ጥያቄሽን ግን አልረሳሁትም። የሰማያዊና ነጭ መስመሩ የአንገት ልብስ ሹራብ ግራ ዳሩ እንደ ሰንሰለት ተስተካክሎ ሲወጣ ቀኙ ለምን ይበላሻል ነበር ያልሽኝ። «ተርትሬ ልተወው ነው» ብለሽም ጽፈሽ ነበር። እስካሁን ካልተረተርሽው እባክሽ አትንኪው።

ባለፈው ሳምንት ልክ እንዳንቺ አድርጌ ትንሽ ቁራጭ ሠራሁና ከፎቶሽ ጎን አስቀምጬ አየሁት። በየረድፉ መጀመሪያ መርፌው ላይ ያለውን የክር ቀለበት ሳትሠሪው ወደ ሌላው መርፌ ታሳልፊዋለሽ አይደል? በአንድ ቀለም ሲሠራ ይህ ዳሩን ያሳምራል። ቀለም ስትቀይሪ ግን ያሳለፍሽው ቀለበት የድሮውን ቀለም እንደያዘ ወደ አዲሱ መስመር ይሳባል። ነጩ ውስጥ እንደ ጥርስ ብቅ ብቅ የሚለው ሰማያዊ እሱ ነው። ክር የምትለውጪው ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ስለሆነ ግራው ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ከአሁን በኋላ አዲስ ቀለም በሚጀምርበት ረድፍ ላይ ብቻ የመጀመሪያውን ቀለበት አታሳልፊው፣ በአዲሱ ክር ሥሪው። ለተሠራው ደግሞ ጫፉ ደነዝ በሆነ ወፍራም መርፌ ነጭ ክር አስገቢና የሰማያዊውን ቀለበት መንገድ እየተከተልሽ ከላዩ ድገሚበት። በቁራጬ ላይ ሞከርኩት፤ ሰማያዊው ተሸፈነ።

ፎቶው ላይ ሌላም ነገር አየሁ፤ ቀኙ ዳር ከግራው ያጠረ ይመስላል፣ ጨርቁም ወደዚያ ይጎብጣል። ይህ የሚመጣው ተራው ያልደረሰውን ቀለም ክር በዳሩ ይዘሽ ወደ ላይ ስትወጪ ስለምታጠብቂው ነው። ክሩን ካነሳሽ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ቀለበት ከመሥራትሽ በፊት ዳሩን በጣትሽ ለጠጥ አድርጊው፤ ክሩ የሚበቃውን ያህል ራሱ ይወስዳል። መስመሩ አራት ረድፍ ከሆነ በየሁለት ረድፉ ሁለቱን ክሮች አንድ ጊዜ አጠላልፊያቸው፣ አለዚያ ዳሩ ላይ ረጅም ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። የጠበቀው ግን በመርፌ አይድንም፤ መፍታት ካለብሽ ለዚህ ብቻ ነው፣ እሱም እስከጠበቀበት ድረስ።

በ40 ቀለበት ጀምረሽ 43 ስለመድረስሽም ልንገርሽ። ረድፉን ጨርሰሽ ስትዞሪ ክሩ በመርፌው ላይ አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ፣ የዳሩ ቀለበት ወደ ላይ ተስቦ ሁለት እግሩ ይታያል። ሁለቱንም እንደ ቀለበት ትሠሪያቸዋለሽ፣ አንድ ይጨመራል። ክሩን በመርፌው ሥር አውርደሽ ጀምሪ፤ ቀለም በለወጥሽ ቁጥርም ቁጠሪ። እኔ ሳልቆጥር ቀለም አልለውጥም።

አሁን ሹራቡን አውጪና ቀኙን ዳር በሁለት እጅሽ ለጥጪው። ከግራው እኩል ከተዘረጋ የቀረሽ ሰማያዊውን መሸፈን ብቻ ነው። እምቢ ካለሽ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሚይዝ ጻፊልኝ፤ በዚያው ቀን እመልስልሻለሁ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ