ስቲቪ ዎንደርን ረሳችሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በተከታታይ ምርጥ አልበም ስላወጡ ሙዚቀኞች የጻፋችሁትን አነበብኩ። አሪፍ ነው፣ ግን ስቲቪ ዎንደርን እንዴት ትዘሉታላችሁ? ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1972 ብቻ ሁለት አልበም አወጣ፣ በ1973 «ኢነርቪዥንስ»ን፣ በ1974 ሌላ ደገመ፣ ከዚያ ትንሽ ጠፋ ብሎ በ1976 «ሶንግስ ኢን ዘ ኪ ኦቭ ላይፍ»ን ይዞ ከች አለ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብለው ግራሚ ወስደዋል። ያኔ ገና 26 ዓመቱ ነበር!

እስቲ «ሱፐርስቲሽን» የሚለውን ዘፈኑን ክፈቱት። መጀመሪያ ድራሙ ብቻውን ይገባል፣ ቀጥሎ ያ ሰውነት የሚያስነቀንቅ ክላቪኔት (እንደ ፒያኖ በቁልፍ የሚመታ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ይከተላል። ሁለቱንም የተጫወተው ራሱ ነው። ቢትልሶችም በላይ በላዩ አውጥተዋል፣ አልክድም። እነሱ ግን አራት ነበሩ።

አንባቢያችሁ