ሰማያዊው የታለ? የተፈጥሮ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ የክበቡን አባላት ግቢያችን ውስጥ ያዩትን ወፍ ሁሉ እንዲጽፉ ጠየቅኳቸው። ቁራ፣ ርግብ፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ። የቀረው በሙሉ «ትንሽ ወፍ» ነበር። ቆጠርኩት፤ 11 ጊዜ ተጽፏል። ዓመቱን «ትንሽ ወፍ» የሚለውን ለማጥፋት ሠራን ማለት ይቻላል። በየሐሙሱ ከትምህርት በኋላ እየተሰበሰብን ምንቃር፣ እግርና ጅራት ሣልን። የጥቅምቱን ግማሽ ዝናብ በላብን።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሚኒባስ በኮንትራት ይዘን ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጣን። 13 ተማሪዎች፣ እኔና ሙዚቃ የሚወድ ሾፌር። ከሮቤ የተነሳነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ክበቡ ያለው ሁለት ባይኖኩላር ነው። አንዱን እኔው ራሴ መሳቢያ ውስጥ ረስቼዋለሁ። ትዝ ያለኝ ጎባን ካለፍን በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ያነሱብኛል፤ ይበለኝ።

የአስታው ቁጥቋጦ አልቆ የፓርኩ ከፍተኛ አምባ የሆነው ሳነቴ ላይ ስንወጣ ሜዳው ጭው ይላል። የጅብራ ተክል ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል። ሣሩ አመዳይ ለብሷል። ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ከመኪና ወርደው ሊሮጡ የሞከሩ ሁለት ልጆች ወዲያው ትንፋሽ አጥሯቸው ቁጭ አሉ።

ኩሬ ዳር ጥንድ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ አገኘን። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሳወራላት ነው የከረምኩት። ስትታይ ግን ግራጫ ናት። አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ፣ ትራስ ያገኘች ይመስል ጀርባዋ ላይ አስደግፋ ትራመዳለች። ባይኖኩላሩ በተራ ዞረ።

«ቲቸር፣ ሰማያዊው የታለ?» አለች አንዷ የ7ኛ ክፍል ልጅ።

«ስትበር ነው የሚታየው» አልኳት። አላመነችኝም። ብርዱ እግራችንን ሲያደነዝዘው ጥንዶቹ ብድግ አሉ። ክንፉ ሲዘረጋ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆነ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹ። «ወፍ ባለበት አይጮኽም» የሚለው የክበቡ ደንብ እዚያው ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ ግን ዝም ብለው ማየት ጀመሩ። ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ሣር ሲጎትት ሩብ ሰዓት ተንበርክከው አዩት። ይህም ከባሌ ውጪ የለም። አዲስ በወጣው አፈር ላይ አንዲት ቡናማ ወፍ ትለቅም ነበር። በመስከረም ቢሆን «ትንሽ ወፍ» ነበረች። አሁን አጭር ጅራቷንና ቀጭን ምንቃሯን ሥለዋታል። አንዱ ልጅ ደግሞ ከላያችን የሚንሳፈፈውን ጥቁር ወፍ አይቶ «ቁራ አይደለም፣ ምንቃሩም እግሩም ቀይ ነው» አለ። ልክ ነበር።

ቀይ ቀበሮም ከሩቅ አይተናል። ሾፌሩ ሙዚቃውን በራሱ ፈቃድ የቀነሰው ያኔ ብቻ ነው። በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ እንደሚባል የነገሩን ልጆቹ ናቸው።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ያው ፈተና፣ ሥዕልና ግድግዳ ጋዜጣ ነበር። ሰኔ ላይ ዝርዝሩን እንደገና አስጻፍኳቸው። «ትንሽ ወፍ» ሦስት ጊዜ መጣ። ባይኖኩላሮቹ አሁን የሚቀመጡት የክበቡ ጸሐፊ ዘንድ ነው።