የእርቁ ወረቀት እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ተመስገን። ድምፅህን ከሰማሁ ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው። ሰው በሞተበት በዚያ የመኪና አደጋ ታስረህ፣ ከማረሚያ ቤት ወጥተህ ደብረ ብርሃን የገባህ ሰሞን ልደውልልህ ስልኬን አነሳለሁ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋኛል። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ዝም ማለቴ ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በለኝ።

እንድጽፍልህ ያደረገኝ ባለፈው ሐሙስ የመጣ ሰው ነው። አሁንም እዚያው ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰውዬው ሃምሳን ያለፈ ነው፣ ሚኒባስ ሾፌር ነበር። ፌስታሉን ሲፈታ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከውስጡ የፍርድ ግልባጭ ወጣ፣ ከዚያ የተለቀቀበት ወረቀት፣ ከዚያ ጊዜው ያለፈበት ህዝብ 1 መንጃ ፈቃድ። ፎቶው ላይ ፀጉሩ ጥቁር ነው፤ ፊቴ የተቀመጠው ሰው ሸብቷል። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እስከ መቃብር ነው የሚከተለኝ?» አለኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። አንተን ነበር ያየሁት።

እህትህን መርካቶ አግኝቻት ነበር። «መንጃ ፈቃዱን ለዘላለም ነጥቀውታል፣ መኪና ሲያይ ፊቱን ያዞራል» አለችኝ። ማነው እንደዚህ ያለህ? ፍርዱን እኮ አብረን ነው የሰማነው። ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን መብት ለጊዜው ሲከለክል ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው፣ ለዘለቄታውም ሊከለክል ይችላል። ያንተ ግን ሦስት ዓመት ነበር። ሦስት ዓመት! ካለፈ ቆይቷል። እገዳና ስረዛ ለየቅል ናቸው። ያን ቀን ከድንጋጤህ የተነሳ «ተከልክሏል» የሚለውን ብቻ ሰምተህ የቀረውን አልሰማህም መሰለኝ።

ዐቃቤ ሕጉ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 543 ንዑስ 2ን ሲያነብ እኔም ተናድጄ ነበር። በቸልተኝነት ሰው ለገደለ ተራ ሰው የሚቀለው ቅጣት፣ ለሾፌር ሲሆን ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ጋር ነው። ለምን ሾፌር ይለያል ብዬ ነበር። በኋላ አንቀጹን ደጋግሜ አነበብኩት። ሕጉ ሐኪምንና አሽከርካሪን አንድ ላይ ነው የሚጠራው። የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው ይላል። ሥራችንን እንደዚህ ከፍ አድርጎ የጠራው ሌላ አላጋጠመኝም። ሥራችን የምለው እኔም አራት ዓመት ካንተ ጋር ረዳት ሆኜ ስለኖርኩበት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይምታታብህ። የትራፊክ ቅጣት ሌላ መንገድ ነው። በ2016 በወጣው ደንብ ቁጥር 557 ብሩ ከፍ ብሏል። ልጆቹ በቴሌብር ከፍለው ተገላገልን ይላሉ። የጥፋት ነጥቡ ግን ፋይል ላይ ይቀመጣል፤ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል። ያንተ እሱ አይደለም። አንተ ከዚያ ቀን በፊት አንድም ክስ አልነበረብህም፣ ምስክርህ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እገዳው ቢያልቅም ሪከርዱ አለ። ቀጣሪ ሁሉ ከወንጀል ነፃ አምጣ ይላል። አሻራ ሰጥተህ ወረቀቱ ሲወጣ ያ ፍርድ ተጽፎ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል። ወንጀል ሕጉ ግን «መሰየም» የሚባል፣ የተፈረደበትን ሰው ስም መልሶ የሚያጠራ ነገር አለው፣ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ። ጽኑ እስራት ለተፈረደበት ቅጣቱን ከጨረሰ 5 ዓመት፣ ቀላል እስራት ለተፈረደበት 2 ዓመት ማለፍ አለበት። በመሀል ሌላ ጥፋት አለመኖር፣ መልካም ጠባይ፣ የበደሉትን አቅም በፈቀደ መካስም ያስፈልጋል። ፍርድ ቤት ከተቀበለህ ፍርዱ ከፖሊስ መዝገብ ይፋቃል፣ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በዚያ ነገር የሚሰድብህ ሰው እንኳ በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ወንድሜ፣ ይህን ስጽፍልህ እጄ ላይ ላብ አለ። በየቀኑ ስንቱ ሾፌር በአጠገቤ ያልፋል፣ ይህን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ለአንተ ቀድሜ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ዳኛ እርግጠኛ ነገር አይሰጥም፣ ያንን አልዋሽህም። ግን ያንተን ፋይል ከብዙ ሰው ፋይል ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ የጎደለው አንተ ብቻ ነህ።

ቸርችል ጎዳናን አሁንም በእግሬ እወርዳለሁ። ዜብራዋ ጋ ስደርስ ሁሌ ቆም እላለሁ። አካባቢው ተለውጧል። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፣ ጠዋት ፉል የምንበላባት ቤትም የለችም። ተራህን የሚጠብቁት ልጆች ግን አሁንም ስላንተ ይጠይቁኛል።

የእርቁን ወረቀት ታስታውሳለህ? ሽማግሌዎቹ ፊት የተፈረመውን? ፍሪጁን ሸጠህ ካሳውን የጨመርክ ቀን «አንተ ጋ ይሁን፣ እኔ ማየት አልችልም» ብለኸኝ ነበር። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ትናንት ማታ አወጣሁት። የሟች እናት የአውራ ጣት አሻራ፣ ያ ወይን ጠጁ ቀለም፣ አልደበዘዘም። ከጎኑ የታላቅ ወንድሙ ፊርማ አለ።

ስለዚህ አንተ የፍርድ ግልባጩንና የተለቀቅክበትን ወረቀት ብቻ ይዘህ ና። ማመልከቻውን እኔ እጽፈዋለሁ፣ ግማሹን ጽፌዋለሁም። እኛ ቤት ታድራለህ፣ ባለቤቴ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ወንድምህ፣ ከልደታ